ከብየዳ ቤት የወጣ ሹክሹክታ

ጠጋ በሉ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። የእጅ ሳይክል ሊገዛ የሚመጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ ለቀለም አይሰስትም። ቀለም ግን የሚቀባው ብየዳው ካለቀ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም የሚቀባው ብየዳው እንዳይታይ ነው። እኛ ሥራው ውስጥ ያለነው ለራሳችን ዘመድ ዕቃ ስንመርጥ ቀለሙን ከቁብ አንቆጥረውም። በርከክ ብለን ከወንበሩ ሥር እንገባና ቱቦላሬው ከቱቦላሬው የተጋጠመበትን ቦታ በጣታችን እንዳብሳለን። ብየዳው መጋጠሚያውን ዙሪያውን ይዞት ከሆነ ደህና። እዚህ ነካ፣ እዚያ ነካ ተደርጎ ከታለፈ ግን ያ ሳይክል ለርክክብ ቀን ፎቶ የተሠራ ነው፤ ፎቶው ሲያልቅ የሱም ሥራ ያልቃል።

ስለየትኛው ሳይክል እንደማወራ ግልጽ ይሁን። እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው የሚሠራ፣ ሦስት ጎማና ባለመደገፊያ ወንበር ያለው፣ ፔዳሉ ከእግር ሥር ወጥቶ ደረት ፊት ለፊት የተሰቀለ፣ በእጅ የሚዘወር ሳይክል ነው። ዊልቸር የቤትና የግቢ ነው፤ ይሄኛው የመንገድ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1655 በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ ስቴፋን ፋርፍለር የተባለ፣ እግሩ የማይሠራ ሰዓት ሠሪ፣ ገና በ22 ዓመቱ በእጁ እየዘወረ የሚሄድባት ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ለራሱ ሠርቶ ነበር። ሁለት ጎማ ያለው ብስክሌት ከመታሰቡ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ዕድሜው አይደለም። ሠሪውም፣ ከፋዩም፣ ተቀማጩም እሱ ራሱ ነበር። ዛሬ ከምናየው ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ከመሆናቸውም አልፎ አንድም ቀን በአንድ ዳገት ላይ አብረው ስለማይቆሙ ነው።

ዳገት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። የወሎዋ ቦረና ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከደሴ ተነስቶ የጉጉፍቱን ብርድ የቀመሰ፣ በአቀስታ በኩል ለጋምቦን አቋርጦ የገባ ሰው መሬቱን ያውቀዋል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ከቀጠላችሁ ደግሞ አገሩ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ሳይንት ብትሉ፣ ወግዲ ብትሉ፣ ከላላ ብትሉ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። የጤነኛ ሰው እግር ደግሞ ዳገትን ይረሳል። በቀን ሁለቴ የሚመላለስበትን መንገድ "ሜዳ እኮ ነው" ይላችኋል። በእጁ ለሚዘውር ሰው ያ ሜዳ የተባለው መንገድ እንኳ እስትንፋስ ይቆርጣል። ስለዚህ ገዢው መንገዱን በዓይኑ ሳይሆን በተቀማጩ ክንድ ነው መለካት ያለበት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምስጢር ይሄ ነው፦ ካቴናውን ተከተሉ። ከፔዳሉ ተነስቶ ወደ ፊተኛው ጎማ ከሄደ ሳይክሉን የሚጎትተው የፊት ጎማ ነው። በወንበሩ ሥር አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ የሚገፋው የኋላ ጎማ ነው። ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚያሞግስላችሁ የፊተኛውን ነው። ለምን ቢሉ ካቴናው አጭር ነው፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ወጪውም ያንሳል። እውነቱን ለመናገር ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው እሱ ይሻላል፤ ቀላልና ለመዞር ምቹ ነው። ዳገት ላይ ግን የተቀማጩ ክብደት በሙሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የፊት ጎማው ይቀልልና መሬቱን መቆንጠጥ ያቅተዋል። ጠጠር ሲሆን፣ ዝናብ የነካው ኮብልስቶን ሲሆን፣ ባለበት ይሽከረከራል።

አንድ ሰው የእህቱን ልጅ ይዞ ዕቃ ሊያይ መጣ። ልጅቷ በልጅነቷ ታማ እግሮቿ የቀሩባት፣ ትምህርቷን ግን ያልተወች ናት። ሻጩ አዲሱን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ በፊት ጎማ የሚጎተተውን አቀረበ። ሱቁ በር ላይ ዘወረችው፤ ሄደ። አጎትየው ገንዘቡን ሊያወጣ ኪሱ ሲገባ እኔ ከጀርባ ያለችውን ጠጠራማ አቀበት በአገጬ ጠቆምኩት። ወሰዷት። ሁለት ክንድ ያህል እንደወጣች ጎማው ጠጠሩን ወደ ኋላ ይረጭ ጀመር።

"አጎቴ፣ የሚሄደው ጎማው ብቻ ነው፤ እኔ እዚሁ ነኝ" አለችው።

"አብሽሪ፣ ስላልለመድሽው ነው።"

ሻጩም ተቀብሎ "ይለመዳል፣ ይለመዳል" አለ።

አይለመድም። መሬት ያልቆነጠጠ ጎማ በልምድ አይቆነጥጥም። በመጨረሻ ይዘው የሄዱት ጥግ ላይ የቆመውን፣ ቀለሙ የወየበውን፣ ከኋላ የሚገፋውን ነው። ሻጩ እኔን ለተወሰነ ጊዜ ሰላም አላለኝም።

ከኋላ የሚገፋውም ቢሆን ዕዳ አለበት። በብዙዎቹ ላይ አንዱ እጅ ሲዘውር ሌላው መሪውን ይይዛል፤ ስለዚህ ሥራው የአንድ ክንድ ነው። ካቴናውም ረጅም ስለሆነ ጋቢና ነጠላ ይበላል፤ መሸፈኛ ላሜራ ከሌለው ከመውሰዳችሁ በፊት አሠሩለት። የአንድ ክንድ ጉልበት ደግሞ ውስን ነው። ይህ ወደ ሁለተኛው ምስጢር ያመጣናል፤ እሱም የጥርስ ቆጠራ ነው።

አትሳቁ፤ ተንበርከኩና ቁጠሩ። ፔዳሉ ላይ ያለው ክብ ስንት ጥርስ አለው? ጎማው ላይ ያለውስ? ከተራ ብስክሌት የተነቀለ ዕቃ ከሆነ የፊተኛው 44፣ የኋለኛው 18 ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ይህ ማለት እጅ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ዙር ተኩል ገደማ ይዞራል። ባለ 26 ኢንቹ ጎማ አንዴ ሲዞር ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ በአንድ የእጅ ዙር አምስት ሜትር ማለት ነው። ለእግር ይህ ምንም አይደለም። በእጅ አምስት ሜትር ዳገት በአንድ ዙር መግፋት ግን ጎረምሳውንም ያስቃስታል። ሁለቱ ክቦች እኩል ጥርስ ካላቸው አንድ ዙር ሁለት ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ያዘግማል፣ ግን ይወጣል። ለመካነ ሰላምና ለዙሪያዋ የምመክረው የፊተኛው ጥርስ ከኋለኛው እንዳይበልጥ ነው፤ ቢያንስ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የኋላውን ክብ ማስቀየር ትልቅ ወጪ አይደለም፤ ዕቃውን ከመውሰዳችሁ በፊት ስትጠይቁ ሻጭ እሺ ይላል፤ ከወሰዳችሁ በኋላ ስልክ አያነሳም።

"ባለ ማርሽ ነው" የሚሏችሁም አሉ። ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ማርሽ ከሆነ፣ ልክ እንደ ብስክሌት ካቴናው ከክብ ወደ ክብ የሚዘል ከሆነ፣ መልካም ነው፤ ሲበላሽም አንዱ ላይ አስሮ መንዳት ይቻላል። ማርሹ ጎማው መሐል ውስጥ የተደበቀ፣ ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ዕቃው ግሩም ነው፤ የሚከፍተው ሰው ግን እስከ አዲስ አበባ ድረስ ላታገኙ ትችላላችሁ።

ስለ ፍሬን ሰው የሚጠይቀው "ይይዛል?" ብሎ ነው። ጥያቄው ጎደሎ ነው። ወዴት ዞሮ ነው የሚይዘው? ብዙው ሳይክል ፍሬን ያለው የፊት ጎማ ላይ ብቻ ነው። ቁልቁለት ስትወርዱ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚመጣ ይይዛል፤ ገዢም ይህን አይቶ ይረካል። እዚያው ቁልቁለት ላይ አዙራችሁ ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጉትና ፍሬኑን አስይዙ። የቀለለው የፊት ጎማ እንደተያዘ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ተቀማጩ ደግሞ እግሩን አውርዶ መሬት ሊረግጥ አይችልም። ስለዚህ ቢያንስ በአንድ የኋላ ጎማ ላይ ፍሬን፣ በተጨማሪም አንዴ ተጎትቶ የሚቆለፍ የማቆሚያ ፍሬን ይኑረው። ከሌለው ባለሳይክሉ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ይዞ ይዞራል፤ ጎማው ሥር ድንጋይ የሚያደርግለት ልጅም መለመን አለበት። ነፃነት ብላችሁ የገዛችሁለት ዕቃ ልመና ያስተምረዋል ማለት ነው።

ቁልቁለት ካነሳን ስለ መገልበጥም ልንገራችሁ። አንድ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ያለው ሳይክል በፍጥነት እየወረደ ሲታጠፍ ከፊት ጎማ ወደ ውጭኛው የኋላ ጎማ በሚዘረጋው መስመር ላይ ይወድቃል። ፈረንጆቹ ይህን ስለሚያውቁ ለመዝናኛ በሚነዷቸው፣ ጋደም ተብሎ በእግር በሚነዱት ሳይክሎች ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ጎማ ከፊት ያደርጋሉ፤ ወንበሩንም መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ያደርጉታል።    

ዝቅ ያለ ወንበር አይገለብጥም፤ እውነት ነው። እኛ ዘንድ ግን ዝቅ ያለ ወንበር ሌላ መዘዝ ያመጣል። የአይሱዙ ሾፌር አያየውም፤ የባጃጁ ጭስና የክረምቱ ጭቃ በቀጥታ ፊት ላይ ነው። ከሁሉም የሚብሰው፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ካለ ወንበር ላይ በክንድ ብቻ ተነስቶ ወደ መደብ መሸጋገር ከባድ ነው። የኔ ምርጫ ወንበሩ ተቀማጩ ቤት ካለው አልጋ ወይም መደብ ጋር እኩል ቁመት እንዲኖረው ነው። ለመገልበጡ መፍትሔ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት መጨመርና በመታጠፊያ ላይ ሰውነትን ወደ ውስጠኛው በኩል ጋደም ማድረግ ነው። ይህንን በቃል ሳይሆን በባዶ ሜዳ አለማምዷቸው። ከወንበሩ ጀርባ ቀጭን ዘንግ ተክላችሁ ቀይ ጨርቅ ማሰርም ከባጃጅ ያድናል።

አሁን ወደ ውስጥ ወደ ውስጡ እንግባ፤ ምክንያቱም ሳይክሉ የሚሞተው በፍሬን ወይም በማርሽ አይደለም፤ በጎማና በኩሽኔታ ነው።

የኋላውን ጎማ ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉት። አክሱ ከሁለቱም በኩል ተይዟል ወይስ በአንድ በኩል ብቻ ተንጠልጥሏል? የተራ ብስክሌት መሐል የተሠራው በግራም በቀኝም እንዲያዝ ነው። ርካሽ የሚሠሩት እሱኑ ወስደው በአንድ ጎን ብቻ ያንጠለጥሉታል። ለጥቂት ወራት ይሄዳል፤ ከዚያ አክሱ ይጎብጣል፤ ጎማው እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ማለት ይጀምራል፤ አንድ የገበያ ቀን ጭነት ላይ እያለ ይሰበራል። በአንድ ጎን የተንጠለጠለ ከሆነ አክሱ ወፍራም፣ መሐሉም ሁለት የታሸጉ ኩሽኔታዎች ያሉት መሆን አለበት። ኩሽኔታው ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ አንብቡት። 6202 ወይም 6203 ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ በሞተር ሳይክልም በዲናሞም ውስጥ የሚገባ ስለሆነ መለዋወጫ ሱቅ አይጠፋም። ቁጥሩ የማይታወቅ ከሆነ ወይም ሻጩ "ኦሪጅናል ነው፣ አይበላሽም" ካላችሁ ወደሚቀጥለው ሳይክል እለፉ። የማይበላሽ ኩሽኔታ አልተሠራም።

የጎማው ሽቦም እንደዚያው ነው። ባለ ሁለት ጎማ ብስክሌት ሲታጠፍ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ሽቦዎቹ ክብደቱን የሚቀበሉት ከላይ ወደ ታች ነው። ባለ ሦስት ጎማው አያዘነብልም፤ በየመታጠፊያው ቸርኬውን ወደ ጎን ይገፋዋል። ትልቅ ጎማ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው ባለ 28 ኢንች ጎማ የገጠሙት ግርማ ሞገስ ያላቸው ሳይክሎች ቶሎ የሚጣመሙት። ከኋላ 24 ወይም 26 ኢንች ሆኖ 36 ሽቦ ያለው ይሻላል። የጎማው መጠን ደሴ ላይ ብስክሌት ሱቅ ገብታችሁ የምታገኙት መሆኑን ደግሞ ሳታረጋግጡ ብር እንዳትቆጥሩ። ከውጭ በእርዳታ ከሚመጡት ውስጥ ባለ እንግዳ መጠን ጎማ ያላቸው አሉ፤ አንዴ ሲቀደዱ መላው ሳይክል የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም፤ ዶሮዎቹን አይቻቸዋለሁ።

ስለ እርዳታ ካነሳሁ ዘንድ ዝም ብዬ አላልፍም። የርክክብ ቀን እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባነር ይሰቀላል፣ ለስላሳ ይታደላል፣ ሳይክሎቹ በመስመር ይደረደራሉ፣ ስም ይጠራል። ስሙ የተጠራ ሰው ይቀመጣል፤ ፎቶ ይነሳል። ማንም መለኪያ ሜትር አልያዘም። ሁሉም ሳይክል አንድ ቁጥር ነው፤ ሰዎቹ ግን አንዱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ ሌላው ትከሻው እንደ በር የሰፋ ገበሬ ነው። እኛ ቴክኒሻን ተብለን የተጠራነው ጎማ ልንነፋ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ዊልቸር የሚሰጥበትን ሥርዓት በስምንት ደረጃ ዘርዝሮታል፦ ሰውየው ተልኮ ይመጣል፣ ይመረመራል፣ የሚስማማው ዕቃ ይታዘዛል፣ ገንዘብ ይፈለጋል፣ ዕቃው ይዘጋጃል፣ በልኩ ይገጠማል፣ አጠቃቀሙን ይሰለጥናል፣ በመጨረሻም ጥገናና ክትትል ይደረጋል። እኛ ዘንድ ከስምንቱ ሁለቱ ብቻ ይደምቃሉ፤ ገንዘቡና ዕቃው።

የማይስማማ ዕቃ የደረሰው ሰው ምን ያደርጋል? ይሸጠዋል። አንዳንዱ "ውለታ ቢስ" ይለዋል፤ እኔ አልለውም። ክንዱ የማይደርስበትን ፔዳል ቤቱ አቁሞ ማየት የለበትም። ያገለገለ ሳይክል ገበያ ላይ የሚወጣውም በዚህ መንገድ ነው፤ ከእናንተ መካከል ብልህ የሆነ ገዢ ጥሩ ዕቃ የሚያገኘው እዚያ ነው። ብዙም ያልተነዳ፣ ካቴናው ያልተሳበ፣ የጎማው ጥርስ ያልተበላ፣ ለሌላ ሰው ቁመት ግን ልክ የሆነ። "የተሰጠ ዕቃ ነው" ብሎ የሚያፍር ሻጭ ዋጋውን ብዙ አይሰቅልም። አሳፍራችሁ አትግዙት ብቻ፤ ሰው ነው፣ ብሩንም ለሌላ መድኃኒት ይፈልገዋል።

ልኩን ታዲያ ማን ይለካ? ደሴ ላይ የአካል ድጋፍ ማዕከል አለ፤ ከመካነ ሰላም ሩቅ ነው፤ ግን ዕቃ ከመግዛት በፊት አንዴ መሄድ ይጠቅማል። ሰው ሠራሽ እግር ወይም ምርኩዝ የሚበቃው ሰው ሳይክል ተገዝቶለት ጡንቻው ሲላሽቅ አይቻለሁ። አዲስ አበባ የሚዘልቅ ጉዳይ ያላችሁ ደግሞ አዲስ ጉዞ የሚባል የዊልቸር ወርክሾፕ አለ፤ ከስዊዘርላንድ ያገለገሉ ዊልቸሮች መጥተው ይታደሱበታል። መሄድ ካልተቻለ ቤታችሁ ለኩ። ተቀማጩ መደገፊያው ላይ ተለጥፎ ተቀምጦ፣ እጀታው በጣም ርቆ በሚደርስበት ነጥብ ላይ ክርኑ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት። ጀርባው ከመደገፊያው ከተነሳ ፔዳሉ ሩቅ ነው። እጀታው ሲወጣ ከትከሻ በላይ ከሄደ ደግሞ ትከሻው በዓመት ውስጥ ያልቃል፤ እግር የሌለው ሰው ትከሻው ሲያልቅ ምን እንደሚቀረው አስቡት። ሻጭ "ወንበሩ ይስተካከላል" ካለ፣ እዚያው በዓይናችሁ ፊት ብሎኑን ፈትቶ ያስተካክለው። ዳዶው በቀለም ተጣብቆ ካልፈታለት አይስተካከልም።

መቀመጫውን በቡጢያችሁ ወደ ታች ጫኑት። ከስፖንጁ ሥር ያለው ኮምፔንሳቶ ጉልበታችሁን ከመለሰው አይሆንም። ይህ ስለ ምቾት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው መቀመጫው ሲቆስል አያውቅም፤ የሚያውቀው ሲሸት ነው። ቁስሉ አጥንት ድረስ ገብቶ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። በጦርነት ቆስለው የመጡ ወጣቶች ላይ ይህን በእጅጉ ፈራነው። ስለዚህ ወፍራም ስፖንጅ፣ በላዩ ላይ ለስለስ ያለ ሁለተኛ ድርብ፣ ዝናብ የማያሳልፍ ልባስ፤ ከዚህም በላይ በየሩብ ሰዓቱ በክንድ ከመቀመጫ ከፍ እያሉ ደም ማዘዋወር።

የበርን ነገር ሁሉም ይረሳል። በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት ሲጨመር አይገለብጥም ብያለሁ፤ ግን በበሩ አይገባም። መካነ ሰላም ውስጥ ያሉ ብዙ የግቢ በሮች ለሰውና ለበግ የተሠሩ ናቸው። ሰባ ሳንቲ ሜትር በር ላይ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ሳይክል ገዝቶ የሚያለቅስ አለ። የመንግሥት ቢሮም ያው ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች አካል ጉዳተኛ የሚገባባቸው እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር፤ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ካጸደቀች ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም ስንት ዓመት አለፈ። ሳይክሉ ግን ደረጃው ሥር ይቆማል። ስለዚህ የምርኩዝ መያዣ ጎኑ ላይ አስበይዱ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የሚጨርሰው ምርኩዙ ነው።

ስለ ዋጋ ቁጥር አልነግራችሁም፤ ዛሬ የነገርኳችሁ በሳምንቱ ይሻራል። እንዴት እንደሚደራደሩ ግን ልንገራችሁ። እኛ ብየዳ ቤት ውስጥ ዋጋ የምናወጣው በብረቱ ኪሎና በጎማው ዋጋ ነው፤ የቀረው የእጅ ዋጋና አፍ ነው። አፉን ቀንሱ፣ የእጁን ዋጋ ግን አትቀንሱ። የእጅ ዋጋው ሲቆረጥ የሚቆረጠው ብየዳው ነው፤ መጀመሪያ ያልኳችሁ ዙሪያውን ያልያዘው ብየዳ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀብድ ስጡ፤ ቀሪውን ግን ተቀማጩ ራሱ፣ በራሱ ሰፈር ዳገት ላይ፣ ወጥቶና ወርዶ "ይሁን" እስኪል ያዙት። ሻጩ "ዕቃው ከሱቅ ከወጣ አልመልስም" ካለ ራሱ ዳገቱን ያውቀዋል ማለት ነው።

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በመኪና ጣሪያ ላይ ስትጭኑት በጎማው አታስሩት። ገመዱ ሲሳብ ቸርኬው ይጣመማል፤ አዲስ ሳይክል በመንገድ ላይ አሮጌ ሆኖ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ቱቦላሬው ላይ እሰሩት፤ መቀመጫውን ነቅላችሁ እጃችሁ ያዙ። ሁለት ካላማዳሪ፣ አንድ ጎማ፣ ያንን ቁጥሩን ያነበባችሁትን ኩሽኔታ አንድ ጥንድ፣ አንድ ቆርቆሮ ግራሶ ጨምራችሁ ግዙ። ክረምቱ እንደወጣ መስከረም ላይ መሐሉን አስከፍታችሁ ጭቃውን አስጠርጉ፤ በበልግ ደግሞ ካቴናውን። በሩ የማያስገባው ከሆነም ከሳይክሉ ጋር ሁለት ቆርቆሮ አብራችሁ ጫኑ፤ ግድግዳው ላይ ጥላ ይሆነዋል፤ ውጭ ካደረ አንድ ክረምት አይችልም።